የጣሳ ማርሚታ

ወጣቱ የሣር ማጨጃውን ማስነሻ ገመድ እንደገና ሊስብ እግሩን ሲተክል በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ወደዚህ ጋራዥ ሰው የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው፤ የሚመጣውም የታመመ ማሽን እየገፋ ነው። ይህቺ ሴትዮ ግን ባዶ እጇን ነበረች፤ በፀሐዩ ወፍራም ሹራብ ለብሳለች።

"የተጣለ ሣር ማጨጃ እያነሣህ የምትጠግነው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ፣ እትዬ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።" ከብቸኛዋ በርጩማ ላይ የአሮጌ ካንዴላ ክምር ጠርጎ አነሣ።

አልተቀመጠችም። "ለጎረቤቴ፣ ለጡረተኛው ሾፌር፣ ቀይ ማጨጃ ሸጠህለታል።"

"አዎ። ተበላሸ እንዴ?"

"ምነው በተበላሸ!"

ወጣቱ ካንዴላዎቹን መሬት ላይ አኖረ። ቀዩን ማሽን እንዴት ይረሳዋል? ያነሣው ከከተማው ዳር፣ ከቆሻሻ መጣያው ነው። የመጣያው ዘበኛ ባየው ቁጥር "ጥንብ አንሣው መጣ! ግባ፣ ዛሬም ሬሳ አለልህ" እያለ ይቀልድበታል። እነዚህ ርካሽ ማጨጃዎች አንድ ክረምት ሠርተው እንዲሞቱ የተፈረደባቸው ይመስላሉ። ገመዱ ትንሽ ሲከብድ፣ ካርቡራተሩ ውስጥ የከረመ ቤንዚን ሲደርቅ፣ ባለቤቶቹ ወስደው ይጥሏቸዋል። እሱ አንሥቶ ያጥባቸዋል፣ ይፈታቸዋል፣ ነፍስ ይዘራባቸዋል።

ቀዩ ግን ከእሱ በፊት ሌላ እጅ ነክቶት ነበር። የበሰበሰው ማርሚታ፣ ጭስ ማውጫና ድምፅ ማፈኛው፣ ወልቆ በቦታው የወተት ዱቄት ጣሳ ተገጥሟል። ጣሳው በሚስማር ተበሳስቷል፤ ቀዳዳዎቹ እንደ ሐረግ ዙሪያውን ይጠመዘዛሉ፤ ለማሽኑም ከሌላው ሁሉ የተለየ ወፍራም ድምፅ ሰጥተውታል። ያሰረው ሽቦ ጫፍ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ ወደፊት የሚፈታውን ሰው እጅ እንዳይቧጭረው። ለማያውቀው ሰው እጅ የሚያስብ ጠጋኝ! ወጣቱ ያን ቀን ሥራ ፈትቶ ሲያየው ዋለ። ልለውጠው ብሎ አሰበና እጁ እምቢ አለው። ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር ቃል ሳይለዋወጥ በሚመሽባቸው ቀናት፣ እነሱም ብዙ ናቸው፣ አንድ ብሎን አልፈታ ሲለው "አንተ ብትሆን በየት በኩል ትመጣበት ነበር?" ይለዋል፣ ያን የማያውቀውን ሰውዬ። አንድ ቀን ማሽን እየገፋ በዚያ በር ይገባል ብሎ ከልቡ ይጠብቀው ነበር።

"የባሌ ነው" አለች ሴትዮዋ። "ከሞተ በኋላ ዓይኔ እንዳያየው ብዬ እኔው ነኝ ያስጣልኩት። ይኸው ደግሞ አጥር ተሻግሮ መጣብኝ።"

ወጣቱ ሰውዬውን ሲጠብቅበት ወደኖረው በር አየ።

"ቅዳሜ ጠዋት ያ ድምፅ ሲነሣ፣ እጄ እኔን ሳይጠይቅ ውሃ ይጥዳል። አጭዶ ሲጨርስ እግሩን የሚታጠብበት። ልብ የምለው ውሃው ሲፈላ ነው። በየሳምንቱ የፈላ ውሃ እየደፋሁ ነው፣ ልጄ።"

"ነፍስ ይማር" አለ ዘግይቶ። ድምፁ የሐዘንተኛ ድምፅ ሆነበት፤ እሷም ቀና ብላ አየችው።

"ዝም ልታሰኘው ትችላለህ?"

"ማርሚታውን ብቀይረው ድምፁ እንደማንኛውም ማሽን ይሆናል።"

"እንግዲያው ቀይርልኝ። ለሾፌሩ ግን ምክንያቱን እንዳትነግረው። ደግ ሰው ነው፤ ካወቀ ማጨዱን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ከዚያ ሣሩ ወገቡ ሲደርስ እያየሁ ልሳቀቅ ነው?"

ከማይነሣ ማሽን ላይ ደህና ማርሚታ ፈትቶ፣ ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ ተከተላት። እሷ ወደ ቤቷ ገባች፤ እሱ የጎረቤቷን በር አንኳኳ።

"የማያምመኝን ጥርስ ልትነቅል ነው የመጣኸው?" አለ ጡረተኛው ሾፌር ማርሚታውን ሲያይ። "ምኑ ጎድሎ? ሣሩን እንደ ጢም ነው የሚላጨው!"

"ድምፁ ይበዛል፣ ጋሼ።"

"ይብዛ! ዕድሜዬን ሙሉ ከባድ መኪና የነዳሁ ሰው ነኝ፤ ድምፅ የሌለው ሞተር እንቅልፌን ያመጣዋል። ይልቅ ይቺን ጣሳ የሠራ እጁ ይባረክ! አንተ ነህ?"

ወጣቱ ወደ አጥሩ አየ። ከአጥሩ ወዲያ የሴትዮዋ የወጥ ቤት መስኮት ክፍት ነው። ሌላ ሰው ነው ቢል፣ ማነው መባሉ አይቀርም።

"እኔ ነኝ" አለ። "ማርሚታ አጥቼ ያገኘሁትን ጣሳ ለጥፌበት ነው። የማይረባ ሥራ ነው፣ ጋሼ። አንድ ቀን ተፈናጥሮ ሰው ይጎዳል።"

"ጣሳ ለጥፈህ ነው የሸጥክልኝ? አንተ ቀጣፊ! እኔ ደግሞ ለሰው ሁሉ እጁ ወርቅ ነው እያልኩ ሳወራልህ!" ሾፌሩ እየሳቀ ነበር፤ ሳቁ ግን መሀል ላይ ቀዘቀዘ። "በል ቀይር። ከእንግዲህ ዓይኔን ካንተ ላይ አልነቅልም።"

አጎንብሶ ሽቦውን ፈታ። ጣሳውን በጨርቅ ጠቅልሎ ቦርሳው ግርጌ አስቀመጠውና አዲሱን ገጠመ። ገመዱን ሲስብ ማሽኑ ተነሣ፤ ድምፁ ቀጭን ነው፣ ከመንደሩ ማሽኖች ሁሉ አይለይም።

"ጠርሙስ ውስጥ የገባ ዝንብ አደረግከው!" አለ ሾፌሩ።

ወጣቱ ወደ መስኮቱ ጆሮውን ጣለ። ድስት አልተንኳኳም፤ የቧንቧ ውሃም አልወረደም።

ሲወጣ ሴትዮዋ በሯ ላይ ቆማ ጠበቀችው። "የማይረባ ሥራ አልከው" አለች።

"ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ። ሌላ የምለው አጣሁ።"

"እሱ ቢሰማህ አይቆጣህም ነበር። ቁጭ አድርጎህ እስኪመሽ ያስረዳህ ነበር፤ የሚሰማው ሰው አጥቶ የሞተ ሰው ነው።" ሹራቧን ወደ አንገቷ ሰበሰበች። "ጣሳውን ምን ታደርገዋለህ?"

መደርደሪያው ላይ፣ ፊት ለፊቱ ሊያኖረው ነበር ያሰበው። ግን ራሱን ያውቃል። አንድ ቀን ማርሚታ የሌለው ማሽን ይመጣል፤ እጁ ወደ መደርደሪያው ይዘረጋል። ማሽኑ ይሸጣል፣ ይጣላል፣ ሌላ ያነሣዋል። ማን ያውቃል፣ በየትኛው ቅዳሜ በየትኛው አጥር ዞሮ ይመጣባታል።

ጣሳውን ከጨርቁ አውጥቶ አስፋልቱ ላይ አስቀመጠው። ተረከዙን አንሥቶ በሙሉ ክብደቱ ረገጠው፤ ቀዳዳዎቹ እስኪደፈኑ ደጋግሞ ረገጠው። ሴትዮዋ አፏን በመዳፏ ያዘች እንጂ ተው አላለችውም።

"ግባና እጅህን ታጠብ" አለችው በመጨረሻ።

"ደህና ነኝ፣ እትዬ። ሥራ አለኝ።"

ከደጃፏ የቆሻሻ በርሜል አለ። አለፈው። ወደ ጋራዡ የሚወስደው መታጠፊያ ላይ ሲደርስም አልታጠፈም፤ የተጨፈለቀውን ጣሳ በብብቱ ይዞ ወደ ከተማው ዳር፣ ማሽኑን ወዳነሣበት መጣያ፣ በገዛ እጁ ሊመልሰው አቀና።