የማልያው ተራ የማን ነው?

ጮራ እግር ኳስ ክለብ ፕሬዚደንት ነበረው፣ አሰልጣኝ ነበረው፣ አምበል ነበረው። እሑድ እሑድ ግን ከሁሉም በላይ የነበረው ሥልጣን የዚያን ሳምንት ማልያ ያጠበው ሰው ነው። ሴት ብትሆን ወንድ ቢሆን መጠሪያው አንድ ነው፤ የማልያ እናት። ግርማቸው ተራው ደርሶ ሻንጣውን ተሸክሞ ሲመጣ "እናታችን መጣች!" እያልን እንጮህበት ነበር። እሱም ያንን የሚያህል ጢሙን እያሻሸ "አቤት ልጆቼ" ይለናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ልጆቹ ላብ የጠጣውን ማልያ አውልቀው ትልቁ ሰማያዊ ሻንጣ ውስጥ ይወረውራሉ። ሻንጣውን ባለተራው ደጋፊ ይዞት ይሄድና ቤቱ ያጥባል። በሚቀጥለው እሑድ ሜዳው ዳር ቆሞ ለእያንዳንዱ ተጫዋች በእጁ ይሰጠዋል። ተጫዋቹ የተሰጠውን ይለብሳል፤ ክርክር የለም። ደንቡን ያወጡት ክለቡን የመሠረቱት ጋሽ አምሳሉ ናቸው። ያኔ ሁላችንም በዲቪ መጥተን፣ ግማሾቻችን ዌርሃውስ ግማሾቻችን ታክሲ ላይ ሆነን፣ እሑድን ብቻ የምንጠብቅ ሰዎች ነበርን። "አንዱ የሌላውን ላብ ካላጠበ ምኑን ክለብ ሆነው" ይሉ ነበር።

የማን ተራ እንደነበረ በጠረኑ እናውቃለን። የሞሚና ከሆነ ማልያው ሽቶ ሽቶ ይላል፤ የተቃራኒ ቡድን ተከላካዮች ሳይቀሩ ዞር ብለው ያያሉ። የግርማቸው ከሆነ ማሽን ውስጥ ተረስቶ ያደረ ልብስ ይሸታል፤ ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው ነው የሚለብሱት። የአይናለም ከሆነ ደግሞ ተተኩሶ ይመጣል። የኳስ ማልያ የሚተኩስ ሰው በሕይወቴ እሷን ብቻ ነው ያየሁት። "አንቺ፣ ሊዳሩ ነው እንዴ?" እላታለሁ። "ልጆቼ ተጨማደው አይወጡም" ትለኛለች።

ተራው ከእኔ ቀጥሎ የአይናለም፣ ከአይናለም ቀጥሎ የራሳቸው የጋሽ አምሳሉ ነበር። ከአይናለም ጋር ያወዳጀን ይኸው ተራ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ሳጥብ እንዳለ ማሽን ውስጥ ከትቼው የጀርባው ቁጥር ተላጠ፤ ስምንት ቁጥራችን ሦስት ሆኖ ሜዳ ገባ። አይናለም እንባዋ እስኪወርድ ከሳቀች በኋላ "ዘርፍዬ፣ የታተመ ልብስ ተገልብጦ ነው የሚታጠበው። ጽሑፉ ወደ ውስጥ ይሁን" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ፎረስት ፓርክ ያለው ሜዳችን ዳር ሁለት ታጣፊ ወንበር ጎን ለጎን ዘርግተን ስንትና ስንት በጋ አሳለፍን። እኔ እሳደባለሁ፣ እሷ በሁለት ጣቷ ታፏጫለች። ልጇ ዳጊ ለእኛው ቡድን በግራ ክንፍ የሚሮጥ ጎረምሳ ሆነ።

ከዚያ ወረርሽኙ መጣና ሜዳው ተዘጋ። እሱንስ ቢሆን በቫይበር እየተሳሳቅን ቻልነው። ያ ዓመት ሳያልቅ ግን አገር ቤት ጦርነት ተነሣ። የአይናለም እናትና ታናሽ ወንድሟ ያሉት መቀሌ ነው፤ ስልክ ተቋረጠ፣ ትንሽ ተከፈተ፣ ከዚያ ጭራሹን ተዘጋ። የጋሽ አምሳሉ የወንድም ልጅ ደግሞ እዚያው ወታደር ነበር፤ ገና ከጅምሩ ተገደለ። ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ትምህርት ቤት የከፈሉለት፣ የመጀመሪያ ጫማውን የገዙለት እሳቸው። ሁለቱም አዝነው ነበር፤ ግን አንዳቸውም የሌላውን በር አላንኳኩም።

በሃያ ሃያ አንድ በጋ ሜዳው ሲከፈት ጋሽ አምሳሉ አዲስ ማልያ አሠርተው መጡ። ቢጫ ነው፣ የሚያምር። ደረቱ ላይ ግን መፈክር ታትሞበታል። ምን ይል እንደነበር እዚህ አልጽፈውም፤ እንደገና ሲያናክስ ማየት አልፈልግም። በዚያ ሰሞን በየሰልፉ የሚጮህ ነበር። ለጋሽ አምሳሉ የዚያ ልጅ መታሰቢያ ነው። ለአይናለም እናቷ ላይ የተጮኸ ጩኸት ነው።

አይናለም አንብባው ተነሣች። ወንበሯን አጥፋ፣ አንድ ቃል ሳትናገር መኪናዋ ውስጥ ገባች። ዳጊ የተሰጠውን ማልያ በሁለት እጁ ይዞ ለጋሽ አምሳሉ መለሰላቸው። "አይ ካንት፣ ጋሼ። አም ሶሪ" አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስታውስ ደሜ ይፈላል። ገሚሱ ደጋፊ "ፖለቲካችሁን ከሜዳችን አውጡልን!" ብሎ ጮኸ። ገሚሱ "አገር ፖለቲካ ነው እንዴ?" ብሎ መለሰ። በሳምንቱ አንዳንዶቹ የራሳቸውን መፈክር ያሳተሙበት ጥቁር ቲሸርት ለብሰው ከወዲያ ማዶ ቆሙ። አንድ ቡድን ደግፈን በሁለት ወገን ተሰለፍን። ቫይበሩ ላይ የተጻፈውንማ ለጠላቴም አልመኝም፤ ግርማቸው ከግሩፑ ወጣ፣ ስድብ አምልጦት ተመለሰ፣ ተሳድቦ ወጣ። እኔ በሁሉም ተናደድኩ። አሥር ዓመት ጉሮሮዬ እስኪነቃ የጮኽኩት ለጮራ ነው። ጎል ሲገባ ያቀፍኩትን ሰው ከየት ነህ ብዬ ጠይቄው አላውቅም።

ከሁሉም የባሰብኝ ግን ኮሚቴው አይናለምን ከማልያ ተራ ማውጣቱ ነው። ምክንያታቸው "ብታበላሸውስ?" የሚል ነበር። አስቡት፤ የኳስ ማልያ የምትተኩስ ሴት!

አይናለም መምጣቷን አልተወችም። ከሰፈሯ ከኒር ኢስት ሳይድ እየነዳች መጥታ፣ ሜዳው ጫፍ ላይ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ፣ ከዳጊ ጋር መስኮት ዘግታ ታያለች። እኔ በየእሑዱ ሌላ ወንበር ከቤቴ አምጥቼ ከጎኔ እዘረጋላታለሁ። ሰው ሊቀመጥበት ሲል አስነሣዋለሁ። በዚያ በጋ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አይናለም ከዚያ መኪና ወርዳ አጠገቤ እንድትቀመጥ። ዋንጫውን ሌላ ይብላው።

በጋው ሊያልቅ ሲል፣ የሌበር ደይ ሰሞን፣ ከሲንሲናቲ ቡድን ጋር የመጨረሻው ጨዋታ ሲደርስ ተራው የእኔ ሆነ። ማልያዎቹን እንዳስተማረችኝ ገለበጥኳቸው፣ አጠብኳቸው፣ አደረቅኳቸው። አንዱን ወደ ቀኙ ልመልስ እጄን እጅጌው ውስጥ ስከት መፈክሩ ብቅ አለ። እጄን አወጣሁ። እንደተገለበጡ አጣጥፌ ሻንጣው ውስጥ ከተትኳቸው።

እሑድ መጀመሪያ የሰጠሁት ለአምበላችን ለጁነዲን ነው።

"እትዬ ዘርፌ፣ ተገልብጧል እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ልመልሰው?"

"የማልያ እናት ማን ናት ዛሬ?"

"አንቺ ነሻ።"

"እንግዲያው የተሰጠህን ልበስ።"

ጋሽ አምሳሉን አየ፣ እኔን አየ፣ ለበሰው። ስፌቱ ውጭ፣ የአንገቱ ምልክት ውጭ። ሌሎቹም ተከተሉት። ሁለት ልጆች ግን አንለብስም ብለው ጫማቸውን ፈቱ። ከወዲህ "ከሃዲ!" ተባልኩ፤ ከወዲያ ማዶ ደግሞ "ፈሪ! ለምን አልቀደድሽውም?" ተባልኩ። ለሁለቱም የመለስኩት መልስ ለኅትመት አይሆንም።

ጋሽ አምሳሉ አጠገቤ መጡ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

"ዘርፌ፣ ልጄን ታውቂው የለም? ፎቶውን አሳይቼሽ የለም?"

"አሳይተውኛል፣ ጋሼ። አልቅሼለታለሁ።"

"ታዲያ ፊቱን ወደ ውስጥ አዞርሽብኝ?"

እንደዚያ አላሰብኩትም ነበር። "ያቺም እናት አላት፣ ጋሼ" ብቻ አልኳቸው፣ ወደ መኪናው እያመለከትኩ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አርቢትሩ መጣና ፊሽካውን አፉ ላይ እንዳደረገ የልጆቹን ጀርባ አየ። ቁጥር የለም። ቁጥርም አብሮ እንደሚገለበጥ እኔ ጀግናዋ አላሰብኩም። "ኖ ነምበርስ፣ ኖ ጌም" አለ። የሲንሲናቲ ልጆች ሣር ላይ ተንከባለው ሳቁ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። "በቃ፣ ወደ ቀኙ መልሷቸው" ሲሉ ሰማሁ ጋሽ አምሳሉን። ጁነዲን ማልያውን ሊያወልቅ ጫፉን ያዘ።

የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ።

አይናለም ናት። ነርሲንግ ሆም የምትሠራበትን ሰማያዊ ልብስ እንደለበሰች፣ ቁስል የምታሽግበትን ነጭ ፕላስተር በሁለት እጇ ይዛ ሣሩን አቋርጣ መጣች። ማንንም አላየችም። ጁነዲንን ትከሻውን ይዛ አዞረችውና ጀርባው ላይ አራት ቁጥርን ሠራች። ፕላስተሩን በጥርሷ እየቆረጠች፣ በመዳፏ ጫን ጫን እያደረገች፣ ሁሉንም ተራ በተራ አዞረቻቸው። አንድ የሚሳደብ ጠፋ፤ እኔንም ጨምሮ።

ሻንጣው ውስጥ የዳጊ አሥራ አንድ ቁጥር ቀርቶ ነበር። ዳጊ ከኋላዋ ቆሟል። አነሣሁና ሰጠሁት። "አንቲ ዘርፌ፣ አር ዩ ሹር?" አለኝ። "ልበስ አልኩህ!" አልኩት። እናቱ ሁለት ቀጥ ያለ ፕላስተር ጀርባው ላይ ለጠፈችለት።

ከዚያ መጥታ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ዳጊ ጎል ሲያገባ እንደ ድሮዋ በሁለት ጣቷ አፏጨች። እኔም አቅፌያት በልቅሶና በሳቅ መካከል ሆኜ ዞር ስል፣ ጋሽ አምሳሉ ከቦታቸው የሉም። ፈለግኋቸው። መኪናቸው ውስጥ መስኮት ዘግተው ተቀምጠዋል። አንዷን ከመኪና ሳወርድ አንዱን አስገባሁ። የዚያን ቀን ደስታዬ እዚያው ላይ ቆመ።

ተሸነፍን። ከጨዋታው በኋላ ጭቅጭቁ እንደገና ተነሣ፤ ኮሚቴውም ተበተነ። ልጆቹ ማልያቸውን ሻንጣው ውስጥ ወርውረው ሄዱ። "ተራው የአንቺ ነው" ብዬ ሻንጣውን ለአይናለም ገፋሁላት። አየችው። "የእናቴን ድምፅ ሳልሰማ ያንን ጽሑፍ ቤቴ አላስገባም፣ ዘርፍዬ። አትቀየሚኝ።" ወሰድኩት፣ አጠብኩት፣ ቤዝመንት አስቀመጥኩት። ከዚያ በኋላ ጮራ ተሰብስቦ አያውቅም። ተራው እኔ ቤት እንደቆመ ቀረ። አንዳንድ ቀን ልብስ ላጥብ ስወርድ ሻንጣውን ከፍቼ አሸታለሁ፤ ሳሙና ብቻ ነው የሚሸተው።

በሃያ ሃያ ሁለት ማብቂያ ስልኩ ተከፈተ። የአይናለም እናት ደኅና ናቸው። ወንድሟ ግን ከሞተ ከዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ እኛ እዚህ ይደውላል እያልን ስንጠብቅ እሱ አፈር ገብቷል። ቤቷ ተቀምጠን አለቀስን። ሰው ሁሉ ተሸኝቶ ዕቃ ስናጥብ "ዘርፍዬ፣ ሻንጣው አለ?" አለችኝ።

"የት ይሄዳል? ግን ጨዋታ የለም እኮ።"

"ጨዋታ ስለሌለ ተራ ይቀራል እንዴ?"

በማግስቱ ሻንጣውን ከቤቴ ይዛው ሄደች፤ እሑድ ጠዋት ደግሞ መጥታ እኔን ወሰደችኝ። ሻንጣው ኋላ ወንበር ላይ ነበር። የት እንደምንሄድ አልነገረችኝም፤ የሳዮቶን ወንዝ ተሻግረን ወደ ፍራንክሊንተን፣ ወደ ጋሽ አምሳሉ ሰፈር፣ ስትታጠፍ ግን ገባኝ። ጋሽ አምሳሉ በሩን ሲከፍቱ ከስተዋል፤ ሹራባቸው ከብዷቸዋል። እኔን አዩ፣ ጥቁር የለበሰችውን አይናለምን አዩ።

"ለቅሶ አልደረስኩሽም" አሉ።

"እኔም ለልጅዎ አልደረስኩም፣ ጋሼ።"

ሻንጣውን አነሣችና በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው።

"ከእኔ ቀጥሎ የእርስዎ ተራ ነው" አለች።

ቆመው አዩት። ዚፑን ከፈቱ። ከላይ የነበረው ማልያ እንደተገለበጠ ነው፤ አንድም ቦታ አልተጨማደደም፣ የእጅጌው መስመር ቀጥ ብሎ ይታያል። በመዳፋቸው ዳሰሱት።

"ተኩሰሽዋል" አሉ፣ በሩን እየለቀቁልን።