ከኩርባው ወተት አትጠጡ

ደሀቦ ከሀርጌሳ ወደ በርበራ በሚወስደው መንገድ፣ ደአር ቡዱቅ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀር ባለው ትልቁ ኩርባ ላይ፣ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጣ አሥራ አንድ ዓመት የግመል ወተት ሸጣለች። መኪና ቆሞ፣ ሰው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ኤዶ፣ የታጠነው አለ?» ሳይላት የዋለችበትን ቀን አታስታውስም ነበር። የአባቷ ወገን የሆነውም ያልሆነውም ኤዶ፣ አክስቴ፣ ብሎ ነው የሚጠራት።

በዚህ በጋ ግን መኪናው ሁሉ የተማከረ ይመስል ሳይቆም ማለፍ ጀመረ። አንዳንዱማ ኩርባው ላይ ሲደርስ መስኮቱን ይዘጋል። መጀመሪያ አቧራው ነው አለች። ቀጥላ፣ ሰው በጊዜ በርበራ ለመግባት እየቸኮለ ነው አለች። በሦስተኛው ሳምንት የምትለው አለቀባት። ጠዋት ከሜዳ የሚመጣላት ወተት ከሰዓት በኋላ ጀሪካኑን ይነፋዋል፤ ማታ ለፍየሎች ትደፋዋለች። ለፍየል ወተት ደፍታ የማታውቅ ሴት ነበረች።

ነገሩን ያፈረጠችው ሩን ናት። ሩን ከመንገዱ ማዶ ሻሂና ላሆህ የሚሉትን ስስ እንጀራ ትሸጣለች፤ ስታንሾካሹክ እንኳ ሜዳ ያለ ግመል ጠባቂ ይሰማታል።

«ደሀቦ፣ ወተትሽ ውስጥ ምን ጨምረሽ ነው ግን?»

«ምን አልሽ?»

«እኔ አላልኩም። ትናንት ሻሂ የጠጣች መንገደኛ ናት ያለችው። ሹፌሩ ነው አሉ ‹ኩርባው ላይ ካለችው ሴትዮ እንዳትጠጡ› ብሎ የሚያስጠነቅቃቸው።»

«የቱ ሹፌር?»

ሩን ብርጭቆ ማለቅለቅ ጀመረች።

«ሩን! የቱ ሹፌር ነው ያልኩሽ!»

«ሊባን። ባለ ወርቅ ጥርሱ።»

ሊባን? ካቻምና ጎርፍ መንገዱን ቆርጦበት ሁለት ቀን ከነተሳፋሪዎቹ እሷ ዛፍ ሥር የከረመው ሊባን? ያን ጊዜ ከወተቷ እየጠጣ «ኤዶ፣ እናቴ እንኳ እንዲህ አላጠጣችኝም» ያላት ሊባን? ደሟ ከእግር ጥፍሯ ተነስቶ ጆሮዋ ውስጥ ፈላ። ሰማሁ ብላ ብቻ ሰው ላይ መጮህ ግን አልፈለገችም። በራሷ ጆሮ ልትሰማው ቆረጠች።

በማግሥቱ ጀሪካኖቿን ለሩን አደራ ሰጥታ በሌሊት ወተት ጫኝ መኪና ላይ ተሳፍራ ሀርጌሳ ገባች። የሩንን ኒቃብ ለብሳ፣ ከዓይኖቿ በቀር ሁሉን ሸፍና፣ የሊባን ሚኒባስ ውስጥ ልክ ከጀርባው ተቀመጠች። አላወቃትም። «ነይ እህቴ፣ ጠጋ በይ፣ መንገዱ ረጅም ነው» ብሎ በወርቅ ጥርሱ ሳቀላት። እሷ ጥርሷን ነከሰች።

ከተማው እንዳለቀ ምክሩ ጀመረ። ሊባን ምክር ካልሰጠ መኪናው የሚነዳለት አይመስለውም ነበር።

«ስሙኝማ ወገኖቼ! በርበራ ስትደርሱ ወደቡ አካባቢ መጀመሪያ ያያችሁት ቤት ዘላችሁ እንዳትገቡ። የትናንቱን ዓሣ በርበሬ አልብሰው ዛሬ ተያዘ ይሏችኋል። ወደ ውስጥ ዝለቁ። ከድሮው መስጊድ ጀርባ ሰማያዊ በር አለ፣ ስም የለውም። አንድ የመናዊ ሽማግሌ ምድጃ ላይ ይጠብሳል። አትምረጡ፣ አትናገሩ፣ ቁጭ ብቻ በሉ። የዓሣውን ጭንቅላት ካቀረበላችሁ ወዷችኋል።»

«ካልወደደንስ?» አለ ከኋላ አንድ ጎረምሳ።

«ጅራቱን ትበላለህ፣ ታመሰግናለህ፣ ትወጣለህ!»

ሰው ሳቀ።

«ወደ ቡርኦ የሚቀጥል ካለ ደግሞ የሼኽን ተራራ ሳይወጣ እንዳይበላ። ታች የበላኸውን ተራራው አስመልሶ ይቀበልሃል። ላይ ስትደርስ ብላ፤ እዚያ ብርድ ስላለ ሻሂውም ሻሂ ይሆናል። ከፔርሙስ ከሚቀዳልህ አትጠጣ፤ ከእሳት ላይ ከምታወርድልህ ሴት ጠጣ።»

እውነቱን ነበር። ደሀቦ ሁሉንም ታውቀዋለች፤ ሁሉም እውነት ነው። «ተራራው ይቀበልሃል» ሲል አንድ ጊዜ ኒቃቡ ውስጥ ሳቅ አመለጣት። ወዲያው በራሷ ተናደደች፤ ሰው ይኼን ሁሉ እውነት ከሰማ በኋላ የሚመጣውን ውሸት ለምን አያምን!

ኩርባው መጣ።

«መስኮት ዝጉ!» አለ ሊባን ድምጹን ከፍ አድርጎ፤ ልክ ሠርግ ላይ እንደሚያስጨፍር ሰው። «እዚህ ዛፍ ሥር አንዲት ሴትዮ አለች። ወተቷን ያየ ይጎመጃል፣ የጠጣ ጉድ ይፈላበታል። አንድ የገቢሌ ሙሽራ ከሙሽሪት ጋር ለጫጉላ ወደ በርበራ ሲሄድ፣ ጀግና ነኝ ብሎ አንድ ሙሉ ጆግ ገለበጠ። ሰባት ቦታ መኪና አስቆመ! ሰባት! ስምንተኛው ላይ ሙሽሪት ‹ወደ አባቴ ቤት መልሱኝ› አለች!»

መኪናው በሳቅ ተናጋ። ኩርባው ሰውን ሁሉ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድመው ሳቁ እርስ በርስ ተደራረበ። ደሀቦ በመስኮቱ ዛፏን አየችው። ሩን ከጀሪካኖቹ አጠገብ ብቻዋን ቁጭ ብላ ለመኪናው እጇን ታውለበልባለች። ማንም አላያትም።

«ወንድሜ» አለች ደሀቦ ድምጿን አሳንሳ፣ «ሙሽራው ማን ይባላል?»

«ስሙ ምን ያደርግልሻል እህቴ? እኔ የምነግርሽ ሆዱን ነው!»

«ሴትዮዋስ ምን አድርጋበት ነው?»

«ውሃ። አህያዋ ከምትጠጣበት ጉድጓድ ቀድታ ትቀላቅላለች። በዓይኔ አይቻለሁ።»

በዓይኔ አይቻለሁ። እስኪቆሙ ድረስ ይቺን ቃል ብቻ ስታመነዥክ ቆየች።

ደአር ቡዱቅ ላይ ለምሳ ወረዱ። ሴቶቹ ምግብ ቤቱ ውስጥ ወደሚበሉበት መጋረጃ ጀርባ ሲያልፉ ደሀቦ አልተከተለቻቸውም። ቀጥ ብላ ወንዶቹ መሐል ገባች። ሊባን ሩዙን ከሙዝ ጋር እየጠቀለለ፣ አፉ ሞልቶ ያወራል። ፊቱ ቆማ ኒቃቡን ገለጠችው።

«ሊባን፣ አህያዬ የትኛዋ ናት?»

ሙዙ እጁ ላይ ቀረ።

«ኤ... ኤዶ ደሀቦ...»

«አህያ የለኝም! ኖሮኝም አያውቅም! በዓይኔ አይቻለሁ ያልከው የቱን ዓይንህን ነው? ና አሳየኝ!»

መኪናው ውስጥ ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ፣ ሐጂ ሙሁመድ፣ «ልጄ፣ ተቀመጪ፣ በእርጋታ...» ማለት ጀመሩ።

«አልቀመጥም ሐጂ! አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጬ ነው ይኼ የመጣብኝ!» ወደ ሊባን ዞረች። «ምን አደረግኩህ? ወንድሞቼ ወንድምህን ገደሉ? ግመሎቼ ማሳህን በሉ? ንገረኝ፣ ምን በድዬህ ነው?»

«ወላሂ ምንም አልበደልሽኝም።»

«ታዲያ?»

ሊባን አንገቱን ደፋ። «ጨዋታ ነው ኤዶ። ነገሩም ባንቺ ወተት የሆነ አይደለም። የዛሬ ስንት ዓመት ቡርኦ መንገድ ላይ የሆነ ነው፤ ሴትዮዋም ሞታለች መሰለኝ። ግን... እዚያ ኩርባ ጋ ሲነገር ያምራል። መኪናው ያጋድላል፣ ሰው ይደራረባል፣ ሳቁ...»

ደሀቦ ለጠላት ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው። ሌሊቱን ሙሉ የምትለውን ስትደረድር ያደረችው ለክፉ ሰው፣ ለምቀኛ ሰው፣ ከሌላ ወተት ሻጭ ጉርሻ ለተቀበለ ሰው ነበር። እዚህ ግን ጠላት የለም። ያጠፋት መንገዱ መጠምዘዙ ነው።

ሐጂ ሙሁመድ በመሐል ገቡ። «አጥፍቷል፣ ራሱም አምኗል። አንዲት ፍየል ይካስሽና በዚሁ ይለቅ።»

«ፍየል? ወተቴን አሁን ማን እየጠጣው ይመስልዎታል ሐጂ? ፍየሎቹ ናቸው!»

«እንግዲያው» አለ ሊባን ቶሎ ብሎ፣ «ከነገ ጀምሮ ኩርባው ላይ እየቆምኩ፣ ሰው እያየኝ ከወተትሽ እጠጣለሁ።»

«አንተ? ወተቴን ዳግመኛ በከንፈርህ አትነካትም! አሁን ተነስና ለእነዚህ ሰዎች ዋሽቻለሁ በል። ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ እዚያው ኩርባ ላይ፣ በዚያው በሠርግ ድምጽህ ትላለህ።»

ሊባን ተነሳ። «ዋሽቻለሁ» አለ፤ ለሩዙ ነበር የሚናገረው።

«አልተሰማም!»

«ዋሽቻለሁ! የደሀቦ ወተት ንጹሕ ነው!»

ከጥግ አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ያቺ ሳቅ ከሁሉም በላይ አንጀቷን አሳረረቻት። ኒቃቡን ከራሷ ላይ ገፍፋ ጠቀለለችውና ወጣች። ሊባን «ኤዶ፣ በመኪና ልመልስሽ» እያለ ደጅ ድረስ ተከተላት። ዞር ብላ አላየችውም። በዚያ ፀሐይ እስከ ዛፏ ድረስ በእግሯ ሄደች። መንገዱን ሁሉ እየተሳደበች ስለነበር ርቀቱን አላወቀችውም።

ሊባን ቃሉን ጠበቀ። ችግሩ እሱ የሚጠብቀው በራሱ መንገድ መሆኑ ነው። ኩርባው ላይ ሲደርስ «ዋሽቼ ነበር!» ይልና፣ እንዴት ኒቃብ ለብሳ ከኋላው እንደ ተቀመጠች፣ እንዴት ሙዙ እጁ ላይ እንደ ቀረ ያወራል፤ «አህያዬ የትኛዋ ናት?» ሲል ድምጿን ያስመስላል። ሰው በሳቅ ይሞታል። ከዚያ «አቁምልን፣ እንያት» ይላል።

መኪኖቹ ተመለሱ። ወተቱ ቀትር ሳይደርስ ማለቅ ጀመረ። ሩን «ይኸው፣ አሁን ምን ጎደለሽ?» ስትላት ደሀቦ ስድስት ቀን አኮረፈቻት። የሊባን መኪና ሲቆም ጀርባዋን ትሰጣለች፤ የምትቀዳው ሩን ናት።

አንድ ቀን በሌላ መኪና የመጣ ወፍራም ነጋዴ ወርዶ፣ ሆዱን ይዞ እየሳቀ ቀረባት።

«ኤዶ፣ ባለ አህያዋ ሴትዮ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ» አለች ደሀቦ። «ትጠጣለህ ወይስ ጥላዬን ልትሻማኝ ነው የቆምከው?»

ሰውየው ሳቁን ዋጥ አደረገ። ጠጣ። አፉን ጠረገና ጆጉን መልሶ ዘረጋላት። ደሀቦ ፊቱን ሳታይ ሞላችለት።