የቸርኬ ሳል

"አውርደው!" አለ የባጃጁ ሹፌር ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ።

ፈንታሁን ውሻውን ገና ግማሹን ነበር ያስገባው። የፊት እግሮቹ ወንበሩ ላይ፣ የኋላዎቹ አስፋልቱ ላይ። አፉን በከመነዳሪ ቁራጭ አስሮታል። ጎሚስታ ስለሆነ የማንኛውም ነገር መድኃኒቱ የጎማ ቁራጭ ነው። የበሩ ማጠፊያ ጎማ ነው፣ ቀበቶው ጎማ ነው፣ አንድ ጊዜማ የሚስቱን ማሰሮ በጎማ ለጥፎ ሦስት ቤት ጎረቤት አፍንጫውን ይዞ ወጥቷል።

"ሓወይ፣ ወንድሜ፣ አይናከስም እኮ። አስሬዋለሁ።"

"መናከሱን ማን ፈራ? ይሄ ቸርኬ አይደለም እንዴ? ኣደይ ኣበራሽ በር ላይ ያላዘነው?"

"እና ቢሆንስ?"

"እናማ ይቺ ባጃጅ ያላት ሦስት እግር ነው። በሦስት እግር ሞት ጭኜ ሓወልቲ አልሄድም።"

"ሐኪም ጋ ልወስደው ነው። ላስኮላሸው።"

ሹፌሩ ውሻውን ከላይ እስከ ታች አየው።

"ሞትን ብታስኮላሸው መውለዱን ነው የሚተው" አለ። "መምጣቱን አይተውም።" ጋዙን ሰጥቶ ሄደ።

ስለዚህ ከሰፈራቸው ከሓድነት ተነስተው በእግራቸው ሄዱ። ፈንታሁን ከፊት፣ ቸርኬ በገመድ ከኋላ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ስባ መንገድ ተሻገረች። ሁለት ተማሪዎች ካዩት በኋላ ዳቦ ቤት ገብተው፣ ሳይገዙ፣ እስኪያልፍ ቆሙ። ድሮ ቢሆን ፈንታሁን ይህን ሁሉ ሰው ቆሞ ያስቅ ነበር። ዛሬ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

ይህን ሁሉ ያመጣው የራሱ አፍ ነው።

ፈንታሁን ከወልድያ ለአንድ ወር ሥራ መጥቶ፣ ኣረጋሽን አግብቶ የቀረ ሰው ነው። በሰፈሩ በሁለት ነገር ይታወቃል፤ ጎማ በመለጠፍና ወሬ በመንፋት። ግራካሱ ላይ ከሲኖትራክ ያመለጠ ጎማ ማይጨውንና አዲጉዶምን አቋርጦ፣ የትራፊክ መብራት አክብሮ፣ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ ይላል። "ትንሽ ነፋስ ብቻ ነው የጎደለው" ይላል ደግሞ። ሰው ይስቃል። እዚህ ስዋ የሚሉትን ጠላ ሊጠጣ ኣስካል ስዋ ቤት ሲገባ የማያውቀው ሰው እንኳ ወንበር ይለቅለታል።

ውሻውም የተገኘው ሱቁ ውስጥ ነው። ዝናብ በጣለ ማግስት በአሮጌ ቸርኬ ውስጥ፣ ጎማው ወልቆ በቀረው ብረት ክብ ተጠቅልሎ ተኝቶ አገኘው። ስሙን ከዚያው አወጣለት።

የሰፈሩ ሽማግሌ ኣቦይ መድሃኔ የሞቱ ሰሞን ቸርኬ በሳቸው በር ሲያላዝን ሰንብቶ ነበር። ፈንታሁን ከቀብር መልስ ስዋ ቤት ተቀምጦ፣ "ቸርኬ ቀድሞ ነግሮኛል" አለ። "እሱ እኮ የሞት ፖስታ ቤት ሠራተኛ ነው። በር ላይ ቆሞ ያነብልሃል፤ መፈረም ብቻ ነው የሚቀርህ።" ስዋ ከአፍንጫቸው እስኪወጣ ሳቁ።

ከዚያ ከስዋ ቤቱ አጠገብ የሚኖሩት አሮጊት ኣደይ ኣበራሽ ሞቱ። በራቸው ላይ ማላዘኑን ስዋ ቤት የነበረ ሁሉ በጆሮው ሰምቷል። በሳምንቱ ቀበሯቸው። ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም። የእድሩ ሊቀመንበር ኣቦይ ሃይለማርያም ቸርኬ አጥራቸው ላይ ሽንቱን ስለሸና ብቻ ነጠላቸውን ለብሰው ንስሐ አባታቸው ጋ ሄዱ፤ ሲመለሱም ከጎረቤታቸው የገፉትን ድንበር ራሳቸው አፍርሰው መለሱ ይባላል። እድሩም ተሰብስቦ ወሰነ። ወንድነቱ ነው በየደጁ የሚያዞረው፣ ይኮላሽ ተባለ። "እምቢ ካልክ ግን ሥጋ ውስጥ የሚደረገውን መርዝ እኛ አናጣውም" አሉ ኣቦይ ሃይለማርያም።

ፈንታሁን ይህንንም በቀልድ አሳልፎት ነበር። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ግን ኣረጋሽ ክንዱን ጨብጣ ቀሰቀሰችው።

"ሰማኸው?"

"ምኑን?"

"በራችን ላይ ቆሟል። ፊቱን ወደኛ አዙሮ ነው ያላዘነው።"

"ውሻ ፊቱን የት ያዙር ታዲያ?"

"ኣታ፣ አትቀልድብኝ!" እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያው ልጃቸው ተወልዶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው ያረፈው፤ ስም እንኳ አልወጣለትም። ለዚህኛው አንድ ጨርቅ አልገዛችም፣ ከሰው ፊትም አታነሳውም። "ሲጨርስ ሳለ" አለች ቀስ ብላ። "እንደ ሰው። እንደ ኣደይ ኣበራሽ ሳለ። ሳላቸውን አውቀዋለሁ፣ ሾርባ የማደርስላቸው እኔ ነበርኩ።"

ፈንታሁን ተነስቶ ጫማውን ፈለገ።

"ዛሬ ይኮላሽ" አለች። "አለዚያ ውቅሮ እናቴ ጋ እሄዳለሁ። እሱ ባለበት ደጅ አልወልድም።"

የእንስሳት ሐኪሙ ክሊኒክ ከሓወልቲ ዝቅ ብሎ ካለ የመኖ መሸጫ ጎን ነው። ሐኪሙ ሚልኪያስ ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ጋዋኑ ላይ የዶሮ ላባ አይጠፋም። የቸርኬን ጥርስ አየ፣ ሆዱን ዳሰሰ።

"ጤነኛ ነው። ለምንድነው የምታስኮላሸው?"

"ያላዝናል። ሰው ይሞታል።"

ሚልኪያስ ሳቀ። "ወንድሜ፣ ሴት ውሻ ስትፈልግ ይሸተዋል። አራት ሰፈር ያቋርጣል። አጥሯ ሥር ቆሞ ያለቅሳል። ሰው ሟርት ይለዋል እንጂ የቸገረው ሌላ ነው። ሞቱ በተባሉት ሰዎች ቤት ሴት ውሻ አልነበረችም?"

"ኣቦይ መድሃኔ ቤት ነበረች።"

"ይኸው!"

"ኣደይ ኣበራሽ ግን ዶሮ ብቻ ነው የነበራቸው።"

"እንግዲህ ለዶሮ አያላዝንም" አለና ሚልኪያስ እየሳቀ መርፌውን ሊያዘጋጅ ዞረ።

ፈንታሁን አልሳቀም። ኣደይ ኣበራሽ በር ላይ ማን እንዳላዘነ ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም።

ኣደይ ኣበራሽ ከመሞታቸው ሳምንት ቀደም ብሎ፣ አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ስዋ ቤት ወሬው ሁሉ ስለ ቸርኬ ነበር። ፈንታሁን "ሽንቴን ሸንቼ ልምጣ" ብሎ ወጣ። የአህያ፣ የኦቶቡስ፣ የአውራ ዶሮ ድምፅ ሲያወጣ ሰው ሰምቶታል። የውሻውን ግን ለአንድ ትልቅ ቀን አስቀምጦት፣ ሱቁ ውስጥ ብቻውን፣ ከቸርኬ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይለማመድ ነበር። ውሻው አንገቱን ዘመም አድርጎ እንደ ተማሪ ይሰማዋል። በኣደይ ኣበራሽ አጥር ጥግ ቁጢጥ አለና ለቀቀው። ረጅም፣ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ከዚያ የሚሰበር። መጨረሻው ላይ የጎማ ጢስ ያቃጠለው ደረቱ ከዳውና ሳለ። ከስዋ ቤቱ ጩኸትና የወንበር መውደቅ ሲሰማ በእጁ አፉን አፍኖ በሳቅ ተንፈራፈረ።

ያኔ ትንሿ መስኮት ተከፈተች። ኣደይ ኣበራሽም ከውስጥ ሳሉ፤ ሳላቸው የሱን ሳል የሚመልስ ይመስል ነበር።

"ቸርኬ፣ መጺእካዶ?" አሉ በለሰለሰ ድምፅ። መጣህ ወይ? ማለታቸው ነው። "ደግ አደረግክ። ትንሽ ብቻ ታገሠኝ፣ ዶሮዎቼን ለሰው ልስጥ።"

በማግስቱ ዶሮዎቹን አደሉ። አንዷ ለኣረጋሽ ደረሰቻት። ጥቁር ናት፤ እስከ ዛሬ እንቁላል ትጥላለች፣ ፈንታሁን ግን አይበላም። ለምን ሲባል "እንቁላል ውስጥ ድምፅ እሰማለሁ" ይላል፤ ሰው ይስቃል።

"ጭንቅላቱን ያዝልኝ" አለ ሚልኪያስ።

መርፌው ገባ። ቸርኬ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ ክፍት እንደሆነ ጉልበቱ ከዳው። ሚልኪያስ እንዲተነፍስ የአፉን እስር ፈታለት። ከዚያ ብሽሽቱን እየላጨ ሳለ ውሻው ከእንቅልፉ ውስጥ ማላዘን ጀመረ።

"አትደንግጥ፣ ሰመመን ውስጥ ያደርጋሉ" አለ ሐኪሙ።

ድምፁ ረጅም ነበር። ወደ ላይ ወጣ። ተሰበረ። ሲያልቅም ውሻው ሁለት ጊዜ ሳለ፤ ደረቅ፣ የሽማግሌ ሳል።

የፈንታሁን እጅ ከውሻው ጭንቅላት ላይ ተነሳ።

"ሳል አለበት እንዴ?" አለ ሚልኪያስ ማዳመጫውን እያነሳ።

ፈንታሁን እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። የወጣው ግን፣ "ሲጋራ ያጨሳል እኮ። ኒያላ ካልሆነ አይቀበልም" የሚል ሆነ።

ሚልኪያስ እየሳቀ ደረቱን አዳመጠ። "ሳንባው ንጹሕ ነው። ይገርማል! ሳል የለበትም፤ ሳል ተምሮ ነው።" ማዳመጫውን አወረደ። "እኔ የምቆርጠው እዚህ ታች ነው፤ በየደጁ መዞሩን ይቀንሳል፣ ዕድሜውንም ያረዝማል። የተማረውን ነገር ግን መቀስ አያወጣውም። ልጀምር?"

ፈንታሁን ቸርኬን አየው። የተላጨው ቆዳ ሐምራዊ ሆኖ፣ ምላሱ በጎን ወጥቶ ተጋድሟል። ተኮላሽቶ ቢገባ እድሩ ይተወዋል፤ ይህ መልካም ነው። ግን ነገ ጎሕ ሲቀድ ያው ሳል ተመልሶ ቢመጣስ? ኣረጋሽ አልጋዋ ላይ ሆና፣ ልጇን በሆዷ ይዛ ብትሰማውስ? ያኔ ወዴት ትሮጣለች? ማንንስ ታስቆርጣለች?

"ዛሬ ይቅር" አለ።

"አንተ ሰው፣ አትቀልድ! ወግቼዋለሁ እኮ!"

"የምትቆረጠዋ ሌላ ናት።"

"ማን?"

"ምላስ።"

ሚልኪያስ ይህንንም እንደ ቀልድ ሳቀበት።

ሓድነት ሲደርሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ቸርኬ ራሱን ችሎ ቢቆምም እንደ ስዋ ጠጪ ግራና ቀኝ ይላል። ኣስካል ስዋ ቤት ደጃፍ ወንዶቹ አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። ፊት ለፊት ኣረጋሽ በሯን ገርበብ አድርጋ ትጠብቃለች። በመካከል የኣደይ ኣበራሽ ቤት እንደተቆለፈ ነው።

"እህ፣ ሙሽራው እንዴት ሆነ?" አሉ ኣቦይ ሃይለማርያም ዋንጫቸውን ይዘው።

ኣረጋሽ ቀረብ ብላ ጎንበስ ለማለት ሞከረች፤ ሆዷ ከለከላት። ግን አየች።

"አልተኮላሸም።"

"አልተኮላሸም" አለ ፈንታሁን።

"ለምን?"

ምክንያቶቹ ምላሱ ላይ ተሰልፈው መጡ፤ ሐኪሙ ታሟል፣ መብራት ጠፋ፣ መቀሱ የቸርኬን ስም ሲሰማ ለሁለት ተሰበረ። ሁሉም ጥሩ ነበሩ። ሁሉም ያስቁ ነበር። ኣረጋሽ እጇን ከሆዷ አላነሳችም።

ፈንታሁን ገመዱን እንደያዘ በኣደይ ኣበራሽ አጥር ሥር ሄዶ ቁጢጥ አለ። አንገቱን ወደ ላይ አቀናና አላዘነ።

አግዳሚው ላይ አንድ ሰው መሳቅ ጀመረ። ድምፁ ወደ ላይ እየወጣ ሲሄድ ሳቁ ቀረ። ተሰበረ። ከዚያ ሳሉ መጣ፤ ደረቅ፣ ሁለት ጊዜ።

ኣቦይ ሃይለማርያም ዋንጫቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

"ሽንቴን ልሸና ብለህ ወጥተህ ነበር" አሉ። "ያን ቀን። ትዝ ይለኛል።"

ፈንታሁን ያየው የነበረው ኣረጋሽን ነው።

"ዛሬ ጠዋትስ?" አለች። "ጠዋት አጠገቤ ነበርክ።"

"ከኔ ነው የተማረው።"

"ሳሉንም?"

"ሳሉንም። ሞት አይደለም፣ ኣረጋሽ። የኔ ደረት ነው።"

አየችው። ከዚያ የኣደይ ኣበራሽን የተዘጋች ትንሽ መስኮት አየች። ከእንባ ይልቅ የሚያስፈራ ነገር ነበር ፊቷ ላይ፤ ከረጅም እንቅልፍ የነቃ ሰው ፊት ይመስል ነበር።

"ዶሮዋን ሰጥተውኝ 'ኣረጋሽ፣ እኔ ተጠርቻለሁ' ሲሉኝ አንተ ቤት ነበርክ" አለች። "እራት እየበላህ።"

መጥታ ገመዱን ከእጁ ወሰደች። ቸርኬ እየተንገዳገደ ተከተላት። በሩ ላይ ሲደርስ እግሩ ደፉ ላይ ተሰናከለ፤ በጉልበቷ ደገፍ አድርጋ አስገባችው። ከዚያ በሩን ዘጋችው። መቀርቀሪያው ሲገባ ተሰማ።

ወንዶቹ አንድ በአንድ ተነስተው ሄዱ። ማንም ደህና እደር አላለውም።

ፈንታሁን በሩን ሊያንኳኳ እጁን አነሳ፤ መልሶ አወረደው። ጠዋት ውሻው የቆመበት ቦታ ላይ፣ ፊቱን ወደ ቤቱ አዙሮ መሬት ላይ ተቀመጠ። ውስጥ ኣረጋሽ ለቸርኬ ውኃ ስትቀዳ ይሰማዋል። ጉሮሮውን በላው። ሳሉ ከደረቱ ተነስቶ እየመጣ ነበር።

አፉን በሁለት እጁ አፈነና ዋጠው።