የሁዳዴ ካፕሱል

የአስቴር ደም ይወፍራል። መቅኔዋ ከሚያስፈልገው በላይ ያመርታል፤ በሽታው የሚድን ሳይሆን አብረውት የሚያረጁት ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ በየሦስት ወሩ ደም እየቀዱላት ከአቃቂ እስከ ሆስፒታሉ ተመላልሳለች።

ሁዳዴ ሲጋመስ ግራ ባቷ አበጠ። ልጇ ሮዳስ እየጎተተች ወሰደቻት። ደም ረግቶ ተገኘ።

ዶክተር ሶሬሳ የላብራቶሪውን ወረቀት ሁለቴ አየው።

«እናቴ፣ ሆሞሲስቲን የሚባል ነገር ደምዎ ውስጥ እጥፍ ሆኗል። የእርስዎ ደም ድሮም ለመርጋት ሰበብ ይፈልጋል፤ ይኼ ደግሞ ይገፋዋል። የሚበዛው ቫይታሚን ሲያንስ ነው። ለጾሙ ያዘዝኩልዎትን የቫይታሚን ካፕሱል እየወሰዱ ነው?»

«እንዴታ!» አለች አስቴር።

«ይጠንቀቁ። የረጋው ወደ ሳንባ ከሄደ ማንም አይደርስልዎትም።» የደም ማቅጠኛ ጻፈላት።

ካፕሱሉን ከዘወረደ ጀምሮ አልነካችውም። ባለሱቋ ሐጀራ ናት የነገረቻት፦ «ሽፋኑ እኮ ከከብት ቆዳ ነው እትዬ፤ እኛም ሐላል ይሁን አይሁን እንጠይቃለን።»

ውሸቷ ከእግሯ በለጠባት። በማግስቱ እያነከሰች ሳሪስ አቦ፣ ንስሐ አባቷ አባ ወልደገብርኤል ዘንድ ሄደች።

«ሐኪሙን ዋሸሁት አባ። መድኃኒቱን ትቼዋለሁ።»

«ለምን?»

«ከቆዳ ነው አሉኝ። በጾም!»

አባ ያነገተችውን ዳዊት በመስቀላቸው ነካ አደረጉት። «ማኅደሩስ ከምንድን ነው?»

«ከፍየል ቆዳ።»

«ሁዳዴን ሙሉ አቅፈሽዋላ።»

«ኧረ አባ፣ አልበላሁት!»

ሳቃቸው አመለጣቸው። ወዲያው ኮስተር አሉ። «መድኃኒት መብል አይደለም። ዋሽተሽ ልትሞቺ ነበር፤ ይኼን ጾም ያለሽ ማነው? ንስሐሽን ስሚ። በየቀኑ አንድ ፍሬ፣ ሮዳስ እያየች ትውጫለሽ። ለሐኪሙም እውነቱን ትነግሪዋለሽ።»

«ስግደት ቢሆንልኝስ አባ?»

«በዚህ እግርሽ?»

ሰኞ ሮዳስን አስከትላ ዶክተሩ ፊት ቆማ እውነቱን ተናገረች።

«እንኳን ነገሩኝ። ካፕሱሉ አልሠራም ብዬ ሌላ መድኃኒት ልጨምርብዎት ነበር። ቫይታሚኑ ደግሞ እኮ በመርፌም አለ። ሽፋን የለው፣ ምን የለው። ቢጠይቁኝ ኖሮ…»

ሮዳስ እናቷን አየቻት። አስቴር ቦርሳዋን ከፈተች።

«መርፌውን ለፋሲካ አቆይልኝ ልጄ» አለች። «ንስሐ የተሰጠኝ በካፕሱል ነው።»

አማተበችና ዋጠችው።