አፉን የዘጋው አሰልጣኝ

እግር ኳስ ብለን የምንጠራው ኳስ ታቅፎ መደቋቆስ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ አሰልጣኝ የሚቀጠረው ጨዋታው ለሚካሄድበት ለአንድ መኸር ብቻ ነበር። የእኛው ሆሬስ ፕሪንግል በኦሃዮ ያልተባረረበት ኮሌጅ ቢኖር ገና ያልተከፈተው ነው። ሚስቱ ከዚህም ከተባረርክ እኔ እናቴ ቤት እገባለሁ ብላዋለች። እሱም ይህን አልደበቀንም፤ ልምምድ ላይ ስንለግም "ኧረ ትዳሬን አታፍርሱብኝ" ይለን ነበር።

የኮሌጃችን ፕሬዚዳንት ዶክተር ላድ፣ ኳስ የሰይጣን ሥራ ነው እያሉ በየጠዋቱ ጸሎት ቤት ይሰብኩናል። ሆኖም ክሬንሾው ኮሌጅን ካሸነፍን ፕሪንግልን እንደሚያቆዩት ቃል ገቡ። ሰይጣንም ቢሆን በክሬንሾው ሲሸነፍ ማየት አይፈልጉም መሰለኝ።

በጨዋታው ቀን ሥርዓት ላስከብር ብለው ከአሰልጣኙ አጠገብ ተቀመጡ። በዚያን ጊዜ ሕግ አሰልጣኝ ከዳር ሆኖ ከተናገረ ቡድኑ ይቀጣል፤ ተመልካች ግን ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ቢጮኽ የሚጠይቀው የለም። ፕሪንግል በዚሁ ጥፋት ሥራ አጥቶ ስለሚያውቅ መሐረቡን አፉ ውስጥ ወትፎ ተቀመጠ።

እየመራን ሳለ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ክሬንሾዎች ጎላችን አፋፍ ደረሱ። ያኔ "በግራ ነው የሚመጡት! እግሩን ያዘው!" የሚል ጩኸት ከዳር ተሰማ። በየጠዋቱ በገሃነም የሚያስፈራራንን ድምፅ እንዴት እንስተዋለን?

ዳኛው ግን ለከተማው እንግዳ ነው። በቀጥታ ወደ ፕሪንግል ሄዶ "አንተ ነህ?" አለው።

ፕሪንግል መሐረቡን አውጥቶ ዶክተሩን አየ። እኔ ነኝ፣ ተመልካች ነኝ ቢሉ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እሳቸው ግን ዝናብ እንዳሰጋው ገበሬ ሰማዩን ያያሉ። ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ፤ ፕሪንግልም ዝም አለ። አምበላችን ሊናገር ሲል እንኳ በዓይኑ ገሠጸው። ዳኛው ለቅጣት ኳሱን ወደ ጎላችን አስጠጋው፣ ክሬንሾዎች አገቡ፣ ተሸነፍን።

ሰኞ ጠዋት ዶክተር ላድ ጸሎት ቤት ውስጥ በሁላችንም ፊት አሰናበቱት።

"አቶ ፕሪንግል፣ ደግ ሰው ነዎት። ግን ምላሱን መግታት ያልቻለ ሰው ወጣት አያስተምርም።"

ፕሪንግል ባርኔጣውን አነሣ። "ልክ ብለዋል፣ ክቡር ዶክተር። በግራ እንደሚመጡም ልክ ብለው ነበር።"

ሳቃችን ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። የጠዋቱ ባቡር ግን መሸነፋችንን ሰምታ ስንብቱን ያልጠበቀችውን ሚስቱን ይዞ ወደ እናቷ አገር ሄዷል።