ሠርፀ ያስወደደው ቤት

«ሙሔ፣ ወንድሜ፣ ስድስት መቶ ዶላር ነው! ከዚያ በታች ኮር ዊሊያም ሰፈር ውስጥ ሁለት ክፍል አታገኝም» አለ ሠርፀ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከማንጎው ጥላ ሥር እየተንጎራደደ። «ውሃው ታንከር ሙሉ ነው፤ መንገዱ ዝናብ አይፈራም። ነገ ብትመጣ ሰባት መቶ ይሉሃል!»

ሠርፀ ደላላ ነው፤ እሱን ያዳመጠ ሰው የዶሮ ቤትም ቢሆን ይከራያል። ክፉ ሰው ግን አይደለም። ችግሩ ድምፁ ነው፤ ሹክ አልኩ ሲል እንኳ ጎረቤት ይሰማዋል። ስልኩን ዘግቶ ዞር ሲል የራሱ አከራይ ማማ ኛቦል የታጠበ አንሶላ እንደያዘች ከኋላው ቆማለች።

ኛቦል ጋምቤላ አድጋ ድንበር ተሻግራ ወደ አገሯ የተመለሰች፣ አማርኛን ከነቀልዱ የምታውቅ ሴት ናት። ለሠርፀና ለሚስቱ ለሮዳስ ሁለት ክፍል በሦስት መቶ ዶላር ካከራየቻቸው አራት ዓመት ሆናት፤ አንድም ቀን ጨምሩ ብላ አታውቅም። ሮዳስ አሁን የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ የምጧ ቀን ኛቦል ሐኪም ቤት አብራት ልትሄድ ቃል ገብታለች።

«ያ አኹይ፣ ወንድሜ፣ የእኔስ ታንከር አይሞላም?» አለችው።

«ይሞላል፣ ማማ።»

«መንገዴስ ዝናብ ይፈራል?»

ሠርፀ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«እንግዲያው ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ስድስት መቶ። ያልከው አንተ ነህ። ጣሪያዬ እያፈሰሰ ነው፤ የቆርቆሮ ዋጋ ደግሞ ሰማይ ነክቷል።»

አንሶላዋን ገመዱ ላይ አስጥታ ገባች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

ሮዳስ ጉዱን ስትሰማ ሆዷን ደግፋ ሳቀች። «በለፈለፉ ባፍ ይጠፉ! የሰው ሁሉ ኪራይ ስታስጨምር ከርመህ የራስህ በር ደረስክ።» ከዚያ ሳቋ ድንገት ቆመ። «ኪራይ ረከሰ ብለን ከድልድዩ ማዶ ሸሪካት ልንገባ ነው? በምጥ ድልድይ ልሻገር? ያለ ማማ አልወልድም፣ ሠርፀ።»

ሠርፀ ሚስቱን ከነተረቧ ይወዳታል። ቀጥ ብሎ ኛቦል ቤት ሄደና የላስቲክ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ማማ፣ ስድስት መቶው የደላላ ወሬ ነው። ሰው ተከራክሮ እንዲያወርደው ነው ከፍ የማደርገው። የእርዳታ ድርጅቶቹ ቢሮ እየዘጉ ነው፤ እዚሁ መንገድ ላይ ሦስት ቤት ባዶውን ተቀምጧል።»

«ታዲያ የእኔ ቤት እውነተኛ ዋጋው ስንት ነው? አንተ ታውቃለህ። የምትለውን እቀበላለሁ።»

ሦስት መቶ ማለት ይችል ነበር። ታምነዋለች፤ ምላሱም ለዚህ ሥራ የተሠራ ነው። ቀና ሲል ግን የዛገው ቆርቆሮ ታየው። ባለፈው ዝናብ ያላትን አንድ ሸራ ለእነሱ ጣሪያ አልብሳ፣ እሷ ክፍሏ ውስጥ ባልዲ ስትደረድር ከርማለች።

«አራት መቶ» አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ለራሱም ገረመው።

ኛቦል ትክ ብላ አየችው፤ ከዚያ ሳቀች። «ዛሬ ገና ደላላውን ትቼ ልጄን ሰማሁ። ከላስ፣ አለቀ፣ አራት መቶ ይሁን። ግን ሕፃኑ ክርስትና እስኪነሳ ድረስ በሦስት መቶህ ትቆያለህ። ምጥ ሲመጣም መጀመሪያ የምትጠራው እኔን ነው።»

ሠርፀ ጉልበቷን ሊስም ሲያጎነብስ ትከሻውን ገፋ አድርጋ አባረረችው። ወጥቶ ማንጎው ሥር ስልኩን አወጣ።

«ሙሔ፣ ያ ስድስት መቶ ያልኩህ ቤት በአራት መቶ ይሰጡሃል። ታንከሩም ቶሎ ይጎድላል፣ እወቀው» አለ፣ እንደ ልማዱ ጎረቤት በሚሰማው ድምፅ።