ማነጻጸሪያ ቡድን

«ቲቸር፣ የኔ አልበራም!»

«የኔ ደግሞ በርቶ ጠፋ!»

«ቲቸር፣ እሱ ነክቶብኝ ነው!»

መምህሯ ከአንዱ ዴስክ ወደ ሌላው ስትሮጥ ላቧ በጀርባዋ ወረደ። የምርምሯን ውጤት ሊሰሙ ከትምህርት ቢሮ የሚመጡት እንግዶች እስኪደርሱ የቀራት አንድ ክፍለ ጊዜ ነው። ታብሌቶቹ ግን ዛሬ ሊያዋርዷት የተማከሩ ይመስል አንዱ ሲበራ አንዱ ይጠፋል።

«ቀስ በሉ እንጂ! ማብሪያውን አንዴ ተጭናችሁ ጠብቁ። እንዲህ ስትነካኩት እኮ ነው የሚያኮርፈው!»

ልጆቹ ከት ብለው ሳቁ። የሚያኮርፍ ዕቃ መኖሩ ደስ አላቸው።

እንዲህ የሚንጫጩት በመስኮቱ በኩል የተቀመጡት ናቸው። በግድግዳው በኩል ያሉት መጽሐፋቸውን ገልጠው ጸጥ ብለዋል። ክፍሉን ለሁለት የከፈለችው ራሷ ናት፤ ለተግባራዊ ምርምሯ። የሦስተኛ ክፍል ግማሹ በታብሌት ማንበብ ይለማመዳል፣ ግማሹ እንደ ድሮው በመጽሐፍ፤ በመጨረሻ የሁለቱ ውጤት ይነጻጸራል። በጽሑፏ ላይ «የሙከራ ቡድን» እና «ማነጻጸሪያ ቡድን» ብላቸዋለች። ልጆቹ ግን፣ ማን እንዳስተማራቸው እንጃ፣ «ባለመስታወት» እና «ባለወረቀት» ብለው ገላገሏት። በእረፍት ሰዓት እንኳ ባለመስታወት ከባለወረቀት ጋር ኳስ መጫወት ትቷል። ይህን አይታ ስቃ አልፋለች። ልጆች ናቸው፣ ነገ ይረሱታል ብላ።

በግድግዳው በኩል፣ መጨረሻው ዴስክ ላይ፣ ድምቡሼ አለች። ስሙ ከጨቅላነቷ የተረፈ ነው እንጂ ዛሬስ ንፋስ የሚወስዳት ቀጭን ልጅ ናት። የመምህሯ ሟች እህት ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት ገና ዳዴ እንኳ አልጀመረችም። አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ፣ ሕፃን ታቅፎ የት ይገባል? አክስቷ ወሰደቻት። መምህሯ አላገባች፣ አልወለደች፤ ድምቡሼን አሳደገች፣ በቃ። ቤት ውስጥ «እማዬ» ትባላለች፤ የትምህርት ቤቱን በር ሲያልፉ ግን እንደ ማንም ልጅ «ቲቸር»። ይህን ሕግ ያወጣችው መምህሯ ናት።

ምን ታድርግ! አምና ድምቡሼ አንደኛ ስትወጣ አንዲት ወላጅ ግቢው መሀል ቆማ፣ «የጓዳዋን ልጅ አንደኛ ብታደርግ ምን ይገርማል!» ብላ አገር ይያዝልኝ አለች። መምህሯ ያን ቀን ከሀፍረት የተነሳ የሚውጣት መሬት አጣች። ከዚያ ወዲህ ለሐሜት ቀዳዳ አልሰጥም ብላ ማለች። ድምቡሼ እጇን ስታወጣ ሌላ ልጅ ትጠይቃለች። ድምቡሼ ስትወድቅ ሌላ መምህር ያነሳታል። ይህ ሁሉ ፍትሕ ይመስላት ነበር።

የክፍሉ በር ተንኳኳና ጥበቃው አንገቱን ብቅ አደረገ።

«ቲቸር፣ የድምቡሼ አባት ዳይሬክተሩ ቢሮ ነው። ይፈልግሻል።»

«አሁን? ማታ ቤት እመጣለሁ ብሎኝ አልነበር እንዴ?»

ዞር ስትል ድምቡሼ ተነስታ ቆማለች። ቦርሳዋን አንግታለች። ያ ቦርሳ ጠዋትም አብጦ አይታው፣ «ድንጋይ ነው እንዴ የተሸከምሽው?» ብላ ቀልዳባት ነበር። አሁን በዚፑ በኩል የሹራብ እጅጌ ተርፎ ወጥቷል።

«የት ልትሄጂ ነው? ቁጭ በይ» አለቻት።

«አባባ ሊወስደኝ ነው የመጣው፣ ቲቸር» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም።

መምህሯ ክፍሉን ለአለቃው አስረክባ ወጣች።

አባትየው ኮፍያውን በሁለት እጁ እያሻሸ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሲያያት ብድግ አለ። ደህና ሰው ነው፤ ክፉ ቢሆንማ ነገሩ ይቀላት ነበር።

«እህት ዓለም፣ አትቀየሚኝ» አለ። «ማታ ቤትሽ ቁጭ ብዬ ልነግርሽ ነበር። አቃተኝ። ዓይንሽን እያየሁ እንዴት ብዬ? እዚህ ሰው ፊት ይሻላል ብዬ ነው።»

«ምኑን ነው የምትነግረኝ?»

«እንደምታውቂው መንገዱን ትቻለሁ። ጎማ ቤት ከፍቻለሁ፣ አግብቻለሁ። ሚስቴም እግዜር ይስጣት፣ ልጅህን አምጣ ከምትል ቆየች። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። አንቺን ላለማስቀየም።»

«ታዲያ አሁን ምን ተገኘ?»

«ራሷ ጠራችኝ።»

«ማን?»

«ድምቡሼ ናታ! ሁሌ ስንደዋወል ‹ና ውሰደኝ› ትለኛለች። መጀመሪያ የልጅ ኩርፊያ ነው ብዬ ዝም አልኩ። አልተወችም። ባለፈው ጊዜማ አልቅሳ አስለቀሰችኝ።»

«ምን በደልኳት?» አለች መምህሯ። «ምን አደረግኳት ትላለች?»

ሰውየው ኮፍያውን አገላበጠው። «እኔም አልገባኝም። ‹አልመረጠችኝም› ነው የምትለው። ምንድን ነው ያልመረጥሻት?»

መምህሯ ወደ በሩ ዞረች።

ገብቷታል። ቡድኑ የተከፈለው በዕጣ ነበር። ሰማያዊ ወረቀት የደረሰው ታብሌት፣ ነጭ የደረሰው መጽሐፍ። ድምቡሼ እጇን ካርቶኑ ውስጥ ከትታ ሰማያዊ አወጣች። ዘለለች፣ ጮኸች፣ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ለሁሉም አሳየች። የመምህሯ ጆሮ ውስጥ ግን የዚያች ወላጅ ድምፅ አቃጨለ። ምንም ሳትናገር ሰማያዊውን ከልጅቷ እጅ ወሰደችና ነጭ ሰጠቻት። ሰማያዊው ለሌላ ልጅ ሆነ። ክፍሉ ሁሉ አየ። ልጆቹ ያን ዕለት አፋቸውን ይዘው ነበር።

በዚያ ቢበቃ ደግ ነበር። ድሮ ማታ ማታ አብረው አልጋ ላይ ተኝተው ተረት ያነቡ ነበር፤ አንድ ገጽ እሷ፣ አንድ ገጽ ልጅቷ። ምርምሩ ሲጀመር እሱንም አቋረጠችው። ከማነጻጸሪያ ቡድን ለአንዷ ብቻ ቤት ውስጥ ካስነበበቻት ውጤቱ ይበላሻላ! ድምቡሼ «በስልክሽስ ላንብብ?» ብትላት «እሱማ የባሰ ነው» አለቻት። «ታዲያ መቼ?» ስትላት «ምርምሩ ሲያልቅ» አለቻት። ልጅቷ ሁለተኛ አልጠየቀችም። ጥቂት ቆይቶ ቤት ውስጥም «ቲቸር» ማለት ጀመረች። መምህሯ ቀልድ መስሏት «አቤት፣ ተማሪ» እያለች ታስቃት ነበር። ለካስ የምትስቀው እሷ ብቻ ኖራለች።

ድምቡሼን ኮሪደሩ ላይ አገኘቻት። ቦርሳዋን እንዳነገተች ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። መምህሯ ፊቷ ቁጭ አለች።

«ድምቡሼ፣ ዕጣው ነው አይደል?»

ልጅቷ ጫማዋን አየች። «በእጄ ነው ያወጣሁት። አላጭበረበርኩም።»

«አውቃለሁ የኔ ሆድ። አንቺማ ምን አጠፋሽ!»

«ታዲያ ለምን ቀማሽኝ?»

«ሰው እንዳያማኝ ብዬ ነው። የራሷን ልጅ አስበለጠች እንዳይሉኝ። የኔ ስለሆንሽ እኮ ነው።»

ድምቡሼ የሒሳብ ጥያቄ እንደቀረበላት ሁሉ ግንባሯን ቋጥራ አሰበች።

«የሌላ ሰው ልጅ ብሆን ትተዪልኝ ነበር?»

መምህሯ መዋሸት ፈለገች። አልሆነላትም። «አዎ» አለች።

«ተረት ማንበቡንስ?»

«እሱ... ማነጻጸሪያው እንዳይበላሽ ብዬ ነው። ሞኝነት ነው የኔ ልጅ። አሁን እናነባለን። ዛሬውኑ እንጀምራለን፣ እሺ? በፈለግሽው፣ በስልክም፣ በመጽሐፍም።»

«ምርምሩ ስላለቀ ነው?»

መምህሯ ልታቅፋት እጇን ስትዘረጋ ልጅቷ ቀደመቻት።

«አባባ ‹አንቺን ነው የምፈልገው› ብሎኛል» አለች። «ስለዚህ የሌላ ሰው ልሁን።»

ክፋት አልነበረባትም። እንዲያውም ልታጽናናት እንደፈለገች ሁሉ አክስቷን ትከሻዋ ላይ መታ መታ አደረገቻት። መምህሯ ያንን እጅ ይዛ ማልቀስ አማራት፤ ልጅቷ ግን አባቷን ፍለጋ ወደ ቢሮው ገባች። መምህሯ እንደዚያ ቁጭ እንዳለች እንባዋን በጠመኔ ብናኝ በነጣ እጇ ጠረገችው።

ዳይሬክተሩ ወጡ። በሩን ከኋላቸው ዘጋ አደረጉና ክንዷን ይዘው አነሷት። ቀልድ የማያልቅባቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ዛሬ ግን ቀልዱ ጠፍቷቸዋል።

«አንቺ ልጅ፣ ስሚኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰውየው የልጅቷን መልቀቂያ እየጠየቀኝ ነው። በመንፈቅ ዓመት መካከል መልቀቂያ አልሰጥህም ብለው የትም አይደርስም። ደንብ ነው። እስከ ክረምት ጊዜ ታገኛለሽ። ልጅ እኮ ናት፣ አባብለሽ ትመልሻታለሽ። አንድ ቃል በይኝና በሩን እዘጋበታለሁ።»

«ይችላሉ?»

«ምን ገዶኝ!»

‹ይከልክሉልኝ› ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። እስከ ክረምት! እስከ ክረምት ስንት ገጽ ይነበባል! በየቀኑ ብታቅፋት፣ ዕጣውን እንኳ መልሳ ብትሰጣት... በበሩ መስታወት ወደ ውስጥ አየች። ድምቡሼ አባቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ኮፍያውን አድርጋለች። ኮፍያው እስከ አፍንጫዋ ወርዷል። እየሳቀች ነው። መምህሯ ያን ሳቅ ከሰማች ቆይታለች፤ መቆየቷን ያወቀችው ግን ገና አሁን ነው።

አሁን እምቢ ብታስብልባት ከእጇ ሁለተኛ መቀማቷ ነው።

«ይስጧት» አለች።

«አስበሽበታል?»

«ይስጧት፣ ጋሼ። ድጋሚ አያስብሉኝ።»

ሽማግሌው ተነፈሱ። «እኔ እንኳ መጀመሪያም ገርሞኝ ነበር» አሉ። «ተግባራዊ ምርምር የራስሽን ክፍል ችግር መፍቻ ነው። ታብሌቱን ተራ በተራ ብታስነኪያቸው ምን ነበረበት? ማን ለያይ አለሽ?»

«ማስረጃ እንዲሆነኝ ብዬ።»

ማስረጃውማ ሆኗል። ባለታብሌቶቹ ማንበባቸው ተሻሽሏል፣ ባለመጽሐፎቹ ወደ ኋላ ቀርተዋል። «ልዩነቱ ከተጠበቀው በላይ ሰፊ ነው» ብላ በደስታ የጻፈችው ዓረፍተ ነገር አሁን ትዝ አላት። በግድግዳው በኩል ያሉት ልጆች ጸጥታ ጨዋነት መስሏት ነበር የከረመችው። ለካ ተስፋ ቆርጠው ነው። ራሷን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠላች።

የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። ጥበቃው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና የትምህርት ቢሮው መኪና ገባ። መምህራኑ ልብሳቸውን እያስተካከሉ ከየክፍሉ ወጡ። ዳይሬክተሩ መልቀቂያውን ፈርመው ለአባትየው ሰጥተው እየሮጡ መጡ። ከመኪናው የወረዱት ኃላፊዋ ሴትዮ ፋይላቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ «የታለች ባለታብሌቷ መምህራችን?» አሉ እየሳቁ። «ለሌሎች ትምህርት ቤቶች አሠልጣኝ እናድርጋት ብለን ነው የመጣነው!»

«ይቻትላችሁ!» አሉ ዳይሬክተሩ። «ነይ እንጂ፣ አንቺን እኮ ነው የሚጠብቁት!»

መምህሯ እጅ ነሳች። ከሴትዮዋ ትከሻ ኋላ፣ ግቢውን እያቋረጡ ወደ ውጭ የሚሄዱ አባትና ልጅ ይታዩዋታል። ያቺ ሐሜተኛ ወላጅም ልጇን ልትወስድ መጥታ በሩ ጥግ ቆማለች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እመቤቴ» አለች። «አሁን ማቅረብ አልችልም።»

«እንዴ! ምን ሆነሽ?»

«ልጄን ልሸኝ ነው።»

ሴትዮዋ ዳይሬክተሩን አዩ፣ ዳይሬክተሩ መሬት አዩ።

«ልጅ አለሽ እንዴ? አልነገሩንም።»

«አለችኝ!» አለች መምህሯ፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብላ። «ያቺት፣ ያቺ ቀጭኗ። ልጄ ናት!»

መምህራኑ ዞረው አዩ። በመስኮቱ በኩል የነበሩት ልጆችም አንገታቸውን አወጡ። ድምቡሼ ግን አልዞረችም። የአባቷን እጅ ይዛ እየዘለለች በሩን አልፋ፣ በመኪና ድምፅ የተሞላው መንገድ ላይ ደርሳ ነበር። መምህሯ ቀሚሷን በእጇ ሰብስባ በሰው ሁሉ ፊት መሮጥ ጀመረች።